ከውሻ ጋራ በአይሮፕላን ስለ መሄድ

በአገራችን የውሻ ቦታው ደጅ ነው። ሌሊት ሲጮኽ ደስ ይለናል፤ ቀን ወደ ምድጃ ሲጠጋ እናባርረዋለን፤ ስሙን ደግሞ ለስድብ እናውለዋለን። እንዲህ ባለ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው፥ አንዲት ውሻ በቦርሳ ሆና ከሰው ጋራ በአይሮፕላን ተሳፍራ ባሕር ተሻገረች ሲባል ቢሰማ ወይ ይሥቃል ወይ ይቈጣል። እኔ ግን ነገሩን በዓይኔ ስላየሁትና በእጄም ስለ ረዳሁበት፥ ወጣቶች አንባቢዎች ሆይ፥ እንደ ሆነው አድርጌ ላጫውታችሁ ወደድሁ።

የምኖረው በሸዋ ሮቢት ነው። ከተማችን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከጣርማ በር ቍልቍለት በታች፥ በይፋት ቆላ ውስጥ ትገኛለች፤ የሽንኩርት፥ የማሾና የፓፓያ አገር ናት። ዕድሜዬን የፈጀሁት በከብት ሕክምና ሥራ ነው። ለበሬ፥ ለግመልና ለፍየል መርፌ ስወጋ ኖርሁ። ስለ ውሻ የምጠራው ግን ሰው በነከሰ ጊዜ ብቻ ነበር።

የእኅቴ ልጅ ውሻዋን ያገኘቻት በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ነው። እግሯ ያጠረ፥ ጆሮዋ የተንጠለጠለ፥ ዘሯ ከምን እንደ ሆነ ለመናገር የሚያስቸግር ቡችላ ነበረች፤ አንድ መንገደኛ ነጋዴ ትቷት ሄደ። ልጅቱም ድንቡሼ ብላ ጠራቻት። ብዙ ሳይቆይ በኅዳር ወር ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲቃረብ፥ እንደ ብዙው ሕዝብ እኛም ቤታችንን ዘግተን ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። የተሳፈርንበት አይሱዙ ሰው በሰው ላይ የተጫነበት ነበር። ልጅቱ ቡችላዋን በዘንቢል አስገብታ በነጠላ ሸፍና ስትወጣ፥ ሕፃን የታቀፈች አንዲት እናት አየቻትና «ልጄን ትነክስብኛለች፤ አውርጂልኝ!» ብላ ጮኸች። ልጅቱ አልተከራከረችም። የዘንቢሉን አፍ በሲባጎ ሰፋችው፤ አየር እንዲገባ በጎኑ ቀዳዳ ተወች፤ ከጭነቱ ጥግ ሄዳ በጕልበቷ መካከል አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ መኪና ደብረ ብርሃን ላይ ከወረደው ሰው ግማሹ ውሻ አብራን እንደ ነበረች አላወቀም።

ዘንቢል ውስጥ የማይገቡት ውሾች ግን በየደጁ ቀሩ። የእኅቴ የግቢ ውሻ መቻል የሚባለው፥ ቁመቱ የጥጃ ያህል ነውና ማን ይዞት ይወጣል? ስንመለስ የጐድን አጥንቱ እየተቈጠረ ከበሩ ላይ ተኝቶ አገኘነው። ያን ቀን እኅቴ ከሰው ፊት ዞር ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ ስለ ቤቱ መዘረፍ ግን አላለቀሱም ነበር።

ዓመታት አለፉ። ልጅቱ አገባች፤ ባልዋ የሚኖረው በጀርመን አገር ነውና ወረቀቷ ተጨርሶ ወደዚያ ልትሄድ ሆነ። ያን ጊዜ የውሻዋ ጉዳይ ተነሣ። ዘመዶች በሙሉ «ለእናትሽ ትተሽላቸው ሂጂ» አሏት፤ እኔም መጀመሪያ ነገሩ እንዲህ ያልቃል ብዬ ነበር። ልጅቱ እናቷን «እማዬ፥ እሷን ብወስድብሽ ማን ያጫውትሻል?» ብላ ብትጠይቃቸው፥ እትዬ ነገሩን በአንድ አፍ ቈረጡት።

«እኔማ ጎረቤት አለኝ፤ ቡና ጠጪ ብሎ የሚጠራኝ አለ፤ ክፉ ቀን ቢመጣ እድር አለኝ። አንቺ እዚያ አገር፥ ባልሽ ሥራ ሲውል ማን አለሽ? ውሰጃት። ነገር ግን ሰው ሳይቀየምሽ ውሰጃት» አሏት።

«ሰው ሳይቀየምሽ» የሚለው ቃል ለአፍ ቀላል ነው፤ ሲሠሩት ግን ስድስት ወር ፈጀብን። በአይሮፕላን ውስጥ ሰው ጎረቤቱን አይመርጥም። ከአጠገብህ የሚቀመጠው በሕፃንነቱ ውሻ የነከሰው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወይም የእንስሳ ጠጕር ሲቀርበው ትንፋሽ የሚያጥረው ይሆናል። በእኛ በይፋት ደግሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተደባልቆ ስለሚኖር፥ የውሻ ምራቅ ልብሱን ቢነካው ሳይታጠብ ለሶላት የማይቆም ጎረቤት ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከእኅቴ ጋራ አጥር የሚያገናኛቸው አንዲት ሙስሊም እናት አሉ። ድንቡሼን ከሩቅ ያነጋግሯታል፥ ፍርፋሪም ይወረውሩላታል፤ ግን ቀርበው ነክተዋት አያውቁም። ልጅቱ የመጓጓዣውን ቦርሳ ከአዲስ አበባ ይዛ በመጣች ጊዜ፥ ጨርቁን በጣታቸው ፈትሸው፥ መረቡን አይተው፥ ዚፑን ከፍተው ዘጉትና «ይህማ ግድግዳ ያለው ቤት ነው፤ በዚህ ከሆነ ከጎኔ ብትቀመጥ ምን ቸገረኝ? እሷም የአላህ ፍጥረት ናት» አሉ። ስለ ቦርሳው ከዚህ የተሻለ ቃል ከማንም አልሰማሁም።

ሁለቱም ሃይማኖቶች በመጻሕፍታቸው ውሻን ከመንገደኛ ጋራ ማንሣታቸው ይገርመኛል። በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋራ መንገድ ሲጀምር ውሻ ይከተላቸዋል፤ በቍርኣን ደግሞ በዋሻ ውስጥ የተኙት ጐልማሶች ውሻቸው ከደጃፉ አብሯቸው አለ። በሁለቱም ታሪክ ውሻው ቦታውን ያውቃል፤ አንዱ ከኋላ ነው፥ አንዱም ከደጃፍ።

አሁን ወደ ሥራው ልመለስ። መጀመሪያ የመጣው የሕጉ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከኛ አገር የሚመጣን ውሻ እንዲሁ አይቀበልም፤ ምክንያቱም የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ገና አልጠፋም። ይህን ሲሰሙ «ንቀውን ነው» የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በ1895 ዓ.ም በአዲስ አበባ የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶ እንደ ነበረ ተጽፎ ይገኛል። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ክትባቱን በሰው ላይ የሞከረው በ1877 ዓ.ም ነው። መድኃኒቱ ከታወቀ ይኸን ያህል ዘመን አልፎ ሳለ እኛ ዛሬም ውሾቻችንን አስከትበን አልጨረስንም፤ በዚህ ሥራ የኖርሁ ሰው ነኝና የምናገረውን አውቃለሁ። የነከሰውን ውሻ ከማሳደድ በፊት ቍስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፥ ወዲያውም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንደሚገባ የማያውቅ ሰው በየቀበሌው ሞልቷል። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ከውሻዋ ቆዳ ሥር፥ ከአንገቷ አጠገብ፥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ማይክሮችፕ ትገባለች፤ 15 አኃዝ ያለው ቍጥሯም በመሣሪያ ይነበባል። የእብድ ውሻ ክትባት የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ይቈጠራል። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይቀዳና ኅብረቱ ወደ ፈቀደለት ላቦራቶሪ ይላካል፤ በሽታውን የሚከላከለው ኃይል በደሟ ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዩኒት እንዳላነሰ መረጋገጥ አለበት። ይህም ሆኖ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሳይሞላ መግባት አይቻልም። በመጨረሻ፥ ልትገባ 10 ቀን በቀረው ጊዜ ውስጥ፥ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የጤና ወረቀት ይሰጣል። ቲኬት ከቈረጡ በኋላ ይህን የሚሰሙ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ሁለተኛው ነገር ሚዛን ነው። በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ለእንስሳ የሚፈቀደው ክብደትና የቦርሳ ልክ በየአየር መንገዱ ይለያያል፤ ከቶ የማይፈቅዱም አሉ። ለምሳሌ የጀርመኑ ሉፍታንዛ የሚፈቅደው ከነቦርሳው እስከ 8 ኪሎ ነው፤ ለስላሳው ቦርሳም በሴንቲ ሜትር ከ55 በ40 በ23 መብለጥ የለበትም። ልጅቱ የምትሳፈርበትም አየር መንገድ 8 ኪሎ አላት። እኛም ድንቡሼን ይዘን ወደ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ዘንድ ሄድንና በሽንኩርት ሚዛን መዘንናት፤ ሰውየው «ኪሎዋን በስንት ትሸጧታላችሁ?» እያለ አሣቀን። ውሻዋ 7 ኪሎ ተኩል፥ ቦርሳው 1 ኪሎ ከ200 ግራም፤ 700 ግራም ተረፈ።

ልጅቱ ፊቷ ጠቈረ። እኔ ግን ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እትዬ ለውሻዋ ያላቸውን ፍቅር የሚገልጹት በእንጀራና በጮማ ነበር፤ ሰውነቷም እንደ ስሟ ሆኗል። ያን ሦስት የጥበቃ ወር ምግቧን በልክ አደረግንላት፤ ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ ወደ ሮቢ ወንዝ እያደረሷት ይመለሱ ጀመር። ጮማውን ማስተው ከሁሉ የከበደው ለእትዬ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ሚዛን 6 ኪሎ ከ600 ግራም ሆነች፤ ትንፋሿም ቀለለ። ይህ ባይሆን ኖሮ እንደ ጭነት በዕቃ ክፍል መላክ ነበረባት፤ ብዙ ውሾች በዚያ በኩል በደኅና ይደርሳሉ፥ ግን ያንን ሰቀቀን ልጅቱ ባትቀምሰው ይሻላል አልሁ።

ቦርሳውን በተመለከተ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንስሳዋ በውስጡ ልትቆም፥ ልትዞርና ልትተኛ ትችላለችን? ውሻ እንደ እኛ በቆዳው አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ስለዚህ መረቡ በአንድ ወገን ብቻ ያለ ቦርሳ ለቆላ አገር አይሆንም። እኛ የገዛነው በሦስት ወገን አየር የሚያስገባ ነበር። ይህን ስጽፍ የሰንበቴ ገበያ ትዝ ይለኛል፤ እሑድ እሑድ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሕዝብ ዶሮውን እግርና እግሩን አስሮ ቍልቍል አንጠልጥሎ፥ ፍየሉን በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጠፍሮ ሲጓዝ ማየት የለመድነው ነው። ስንት ጊዜ ተቈጥቻለሁ! ባለቤቱም «ነገ ለሚታረድ ምን ያስጨንቅሃል?» ይለኛል። ነገ መታረዱ ዛሬ ለምን እንደሚሰቃይ አያስረዳም።

ልምምዱ እንዲህ ሆነ። ቦርሳው በመጀመሪያው ሳምንት አፉ ተከፍቶ ከቤቱ ጥግ ተቀመጠ፤ ልጅቱ የለበሰችው አሮጌ ሹራብ ተነጠፈበት። ድንቡሼን ግቢ ያላት የለም። በሦስተኛው ቀን በራሷ ገብታ ተኛች። ከዚያ ምግቧ በዚያ ውስጥ ይሰጣት ጀመር፤ ከዚያም ዚፑ ለአንድ ደቂቃ፥ ለአምስት፥ ለሰዓት ተዘጋ። ቀጥሎ በባጃጅ ከተማውን ዞረች፤ ቀጥሎም በሚኒባስ ደብረ ሲና ደርሳ ተመለሰች። ስትጮኽ ማንም አልከፈተላትም፤ ዝም ስትል ግን ይከፈትላታል፤ ነገሩም ቶሎ ገባት። አንድ ወዳጄ «እንቅልፍ የሚያስወስድ ኪኒን ስጧትና ተገላገሉ» ቢለኝ እንቢ አልሁት። የደነዘዘ እንስሳ ትንፋሹና የደሙ ግፊት ይወርዳል፤ በአየር ላይ ደግሞ የሚደርስለት ሐኪም የለም። የእንስሳት ሐኪሞችም ይህን አይመክሩም።

ስለ አየሩ እትዬ እጅግ ይፈሩ ነበር። «እዚያ ሰማይ ላይ እኔስ ልተንፍስ፥ እሷ እንዴት ትሆናለች?» እያሉ ሁለት ሌሊት አልተኙም። እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው፤ አይሮፕላን ምንም ያህል ከፍ ቢል፥ በውስጡ ያለው አየር 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ አየር የሳሳ እንዳይሆን ተደርጎ ይሞላል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ያህል፥ ጣርማ በርም ከ3,000 በላይ ነው። እንግዲህ ድንቡሼ በዘንቢል ሆና በ2014 ዓ.ም ጣርማ በርን የተሻገረች ዕለት፥ ከአይሮፕላኑ አየር የሳሳውን ተንፍሳ አልፋለች። እትዬ ይህን ሲሰሙ ሣቁና «ለካ ዋናውን ዳገት ወጥታዋለች!» አሉ። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ግን ከፍጥረታቸው መተንፈስ ስለሚያስቸግራቸው፥ ለነርሱ ይህ ማጽናኛ አይሠራም።

ከሰው በፊት ወደ ጠፈር የወጣች ውሻ እንደ ነበረች ታውቁ ይሆናል። ሩሲያኖች ላይካን የላኳት ጥቅምት 24 ቀን 1950 ዓ.ም ነው። መመለሻ ያልተሠራለት መንኰራኵር ነበር፤ ከተነሣች ከጥቂት ሰዓት በኋላ በሙቀት ሞተች። ስለዚያች ውሻ በተነበበ ቍጥር ዓለም ድፍረቱን ያደንቃል፤ እኔ ግን የዘጋባት ሰው እጅ ምን ተሰምቶት ይሆን እላለሁ።

ቅርብ ጊዜ የሆነ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ልጅቱንም ያስጠነቀቅኋት በርሱ ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም በአሜሪካ አገር፥ አንዲት አስተናጋጅ የውሻ ቦርሳ ከወንበር ሥር እንዲነሣና ከራስ በላይ ባለው የዕቃ ሣጥን እንዲገባ አዘዘች፤ ባለቤቶቹም ታዘዙ። ቡችላው እዚያ ውስጥ ሞተ። ቦርሳው ቦታው ከፊት ካለው ወንበር ሥር ነው፤ ማንም ቢያዝህ በትሕትና እንቢ በል፥ አለቃ እንዲጠራ ለምን። በአንጻሩ ደግሞ «ውሻዬ ጨዋ ናት» ብሎ ዚፑን የሚከፍት መንገደኛ አለ። አንዲት ጨዋ ውሻ ከቦርሳ ወጥታ አንድ ሕፃን ካስደነገጠች፥ በሚቀጥለው ዓመት ክልከላው በሌላው ሁሉ ላይ ይመጣል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ወጣት መምህር «ተፈናቃይ በመጠለያ እያለ ለውሻ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ነውር አይደለምን?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ እኛም ራሳችን በደብረ ብርሃን በሰው እጅ የበላን ሰዎች ነን። ልጅቱ ወጪውን የሸፈነችው ሁለት ዓመት ልብስ ሰፍታ ባጠራቀመችው ነው፤ ከማንም አልተበደረችም፥ ለዘመድ የሚገባውንም አላጐደለችም። ለእንስሳ የሚሰስት ሰው ያንኑ ብር ለችግረኛ ሲሰጥ እምብዛም አላየሁም። እንዲህ ብዬ መለስሁለት። እርሱ ግን ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተረታም፤ እኔም እንዲረታ አልገፋሁትም።

የሄዱት ባለፈው ዓመት ነው። ሙቀቱን ለመሸሽ ከሸዋ ሮቢት ሌሊት ተነሣን። በመነሻው ዕለት ውሻዋ ጥቂት ብቻ በላች፤ ከቦርሳው ግርጌ እርጥበት የሚመጥ ጨርቅ ተነጥፏል። በቦሌ ፍተሻ ላይ ውሻዋን አውጥታ በእቅፏ ይዛ በመፈተሻው በር አለፈች፤ ባዶው ቦርሳ በመሣሪያው ውስጥ ገባ። በዚህ ሰዓት አምልጠው የሚጠፉ እንስሳት ስላሉ የአንገት ማሠሪያዋን አስቀድመን አጥብቀን ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አላየሁም።

በማግሥቱ ስልክ ደወለች። ከጎኗ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ እንደ ነበሩ ነገረችን። ገና ሳይቀመጡ «አባባ፥ ከእግሬ ሥር ውሻ አለች፤ ተዘግቶባታል፤ ቢከብድዎት አስተናጋጇን ቦታ እንድትቀይረኝ እጠይቃለሁ» ብላቸው፥ ሰውየው ጐንበስ ብለው አዩና «ከጮኸች እነግርሻለሁ» አሏት። ድንቡሼ አይሮፕላኑ ሲነሣ ጥቂት ነጫነጨች፤ ልጅቱ ጣቷን በመረቡ ላይ አደረገችላት፤ ዝም አለች። ፍራንክፈርት ሲደርሱ ሽማግሌው ቦርሳውን ከወንበሩ ሥር ጐትተው ራሳቸው አቀበሏት።

«ጋሼ፥ መቻልስ?» አለችኝ በመጨረሻ።

መቻል 31 ኪሎ ነው፤ ይህንንም በዚያው በሽንኩርት ሚዛን አይተነዋል። ቀን ቀን ከእትዬ በር ላይ ይተኛል። ማታ ማታ ተነሥቶ ልጅቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን ወደምታስቀምጥበት በረንዳ ይሄድና ጥቂት ቆሞ ይመለሳል። እትዬም ጮማውን አሁን ለርሱ ያደርጉለታል፤ ለርሱ የሚሰፈርበት ሚዛን ስለሌለ እኔም አልከለክላቸውም።